የማያም በሽታ፣ የማያልቅ ኪኒን

እኛ አገር መድኃኒት ማለት ሲያም የሚዋጥ፣ ሲሻል የሚተው ነገር ነው። ራስ ምታት ሲነሳ ፓራሲታሞል፣ ጨጓራ ሲያቃጥል ኦሜፕራዞል፣ ወባ ሲጥል ኮአርተም… በቃ። ስሙ ራሱ እኮ የመጣው ከመዳን ነው። ሰውዬው ይድናል፤ የተረፉት ሁለት ፍሬዎች መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዓመት በኋላ «ይኼ የምን ነበር?» ተብሎ ለጎረቤት ይሰጣል። (አትስጡ! ግን ይህ የሌለበት ቤት የማን ነው?)

እስቲ ይህን ሕዝብ ይዛችሁ እንዲህ በሉት፦ «የማያምህ በሽታ አለብህ። ሲሠራ የማይሰማህ ኪኒን እንሰጥሃለን። ዕድሜህን ሙሉ በየቀኑ ትውጣለህ።» ምን እንደሚመልስላችሁ ገምቱ። አባቴ የመለሰውን ልንገራችሁ፦

«በሽታውም ካልተሰማኝ፣ መድኃኒቱም ካልተሰማኝ፣ ሁለቱንም ብተዋቸው ምን ይጎድለኛል?»

ጋዜጠኝነት ተምሬ ብዙ አስቸጋሪ ሰው ጠይቄአለሁ። እንዲህ ያለ አፍ የሚያስይዝ መልስ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

አባዬ የሐሙሲት ሰው ነው። ሐሙሲትን ለማታውቁ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትወጡ ወረታ ሳትደርሱ የምታገኟት የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ደብረ ታቦር የሚሄድ ሰውም በእሷ አልፎ ወረታ ላይ ይገነጠላል። አባዬ እዚያ እህል ይነግዳል። ቀጭን ነው፤ ቀበቶው ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ በሚስማር ያስበጀ ሰው ነው። ጾም አይፈታም፤ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ሳይሆን የሚጾሙትን ሁሉ ይጾማል። ሥጋ የሚቀምሰው በዓመት በዓልና ሰርግ ሲጠራ ነው። እናም በ2014 ዓ.ም. ለደም ግፊቱ ክትትል ባሕር ዳር መጥቶ የደም ስቡ ሲለካ ውጤቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። «ስቡ የት ተቀምጦ ነው?» ተባለ። አንድ ጎረቤታችንማ «የሌላ ሰው ደም ነው የሰጧቸው፤ ተለዋውጧል» ብለው ደመደሙ።

እኛ ቋንቋ ውስጥ ስብ የሚታይ ነገር ነው። ቦርጭ ነው፣ ጉንጭ ነው፣ የበሬ ሻኛ ነው። እንዲያውም የኑሮ ምልክት ነው፤ «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» የሚባለው ለምስጋና ነው። ደም ውስጥ የሚዞረው ስብ ግን ከቦርጭ ጋር የግድ አይገናኝም። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን አካል ነው፤ በተለይ ጉበት። ለሴሎቻችን ግድግዳ፣ ለሆርሞን፣ ለሐሞት ስለሚያስፈልገን በሽታ ለመሆን ብሎ የመጣ ነገር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ኤልዲኤል የሚባለው ተሸካሚ በደም ውስጥ ሲበዛና ሳይነሳ ሲቆይ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ዓመት በዓመት ይከማቻል። በሃያ ዓመት፣ በሠላሳ ዓመት ያጠበበው መንገድ አንድ ቀን ይዘጋል። የልብ ሲሆን የልብ ድካም ወይም ድንገተኛ ሞት፣ የአንጎል ሲሆን ስትሮክ። እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ምንም አያም። ምንም!

የአባዬ ኤልዲኤል 196 ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ስለ ቅቤም ስለ ጮማም አልጠየቀውም። የጠየቀው ሌላ ነው፦ «አባቴ፣ ከቤተሰብዎ በጎልማሳ ዕድሜው ድንገት የሞተ አለ?»

አለ። የአባዬ ታላቅ ወንድም በ46 ዓመቱ ገበያ ላይ እህል ሲያስፈር ወድቆ ሞቷል። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። ያደግሁት «ዐይን በልቶት ነው፤ ያን ዓመት ንግዱ ሞቆለት ነበር» ሲባል እየሰማሁ ነው። ሐኪሙ ዐይን አላለም። በዘር የሚወረስ ሊሆን እንደሚችል ነገረን።

ይህን ነገር ያብራሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ በ1985 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ያገኙበትም ይኸው ነው። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅምባቸው በሮች አሉት። አንዳንድ ሰው ግን ከእናቱ ወይም ከአባቱ በወረሰው ጉድለት ምክንያት የሚሠሩት በሮች ጥቂት ይሆናሉ፤ ስቡ ደም ውስጥ ይንከራተታል። ይህ ችግር በዓለም ላይ ከ250 እስከ 300 ሰው ውስጥ በአንዱ ይገኛል። ካለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሳንቲም ወደ ላይ እንደመወርወር። ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ጿሚውም በላተኛውም እኩል ይገባበታል።

ጾምን ካነሳን ደግሞ ይህችን እንጨርሳት። ጾም ውስጥ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሲቀሩ የደም ስብ ይወርዳል፤ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ግን ጾሙ ሲፈታ አብሮ ይመለሳል። በሮቹ የጎደሉበት ሰው ላይ ደግሞ የሚያወርደው በቂ አይሆንም። በዚያ ላይ የጾም ወጣችን በምን እንደሚሠራ እንወቅ! ገበያ ላይ «የሚረጋው ዘይት» የምንለው የፓልም ዘይት በራሱ ኮሌስትሮል የለውም፤ ነገር ግን ብዙ ሰቹሬትድ ስብ ስላለው ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። አባዬ ቅቤ ሳይቀምስ ሁለት ወር ቆይቶ ሽሮው ግን በዚያ ዘይት ሲንተከተክ ነው የከረመው። እናቴ አሁን አቅም ሲፈቅድ ወደ ኑግ ተመልሳለች፤ እሱም በልክ።

ሐኪሙ ያዘዘለት አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ነው። ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ታሪካቸውን ስታነቡ ትገረማላችሁ። አኪራ ኤንዶ የሚባል፣ በ1933 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ጃፓን ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ሳይንቲስት ነበር፤ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ነው ያረፈው። ፔኒሲሊን ከሻጋታ ከተገኘ ኮሌስትሮልን የሚገታ ነገርም ከሻጋታ ሊገኝ ይችላል ብሎ ተነሳ። ከባልደረቦቹ ጋር ከ6000 በላይ የሻጋታና የፈንገስ ዓይነቶችን ፈተሸ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የፈለገውን አገኘው። የት መሰላችሁ? ኪዮቶ ውስጥ ሩዝ ላይ በበቀለ ሻጋታ! ይህን ለአባዬ ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። የፎገራ ሩዝ ሲነግድ ስንት ጊዜ «ሻግቷል» ብሎ የመለሰ ሰው ነዋ!

ከዚያ በ1987 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው ስታቲን አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ተፈቀደ። ሐኪሞች ግን ለዓመታት ተጠራጥረው ነበር፤ ቁጥር ማውረድ ሰው ያተርፋል ወይ? መልሱ የመጣው በ1994 (እ.ኤ.አ.) ከስካንዲኔቪያ ነው። የልብ ሕመም ያለባቸው 4444 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሹ ምንም የሌለበት አስመሳይ ኪኒን ወሰደ። አምስት ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆን አስመሳዩን ከወሰዱት 256፣ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 182 ሰዎች ሞቱ። ልዩነቱ 74 ሰው ነው። ከእነዚያ ውስጥ «ኪኒኑ አዳነኝ» ብሎ ራሱን የሚያውቅ ግን አንድም የለም። ያልመጣ ስትሮክ፣ ያልወደቀ ሰው ዜና አይሆንም። ይህ ለጋዜጠኛ መራራ እውነት ነው።

ወደ አባዬ እንመለስ። ሦስት ወር በትክክል ዋጠ። ተመለሰና ተለካ፤ 196 የነበረው 104 ሆነ። ደስ አለን። እሱም ደስ አለው። በጣም ደስ ስላለው… አቆመ! «ወርዷል አላችሁ አይደል? ድኛለሁ ማለት ነው።» እኛ ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው፤ እናቴ ከእህል መዝገቡ ሥር ሳይከፈት የተቀመጠ ኪኒን አገኘች። ወዲያው ተለካ፤ 189።

ልብ በሉ፣ ሌላ ሰበብም ነበረው። ሱቁ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «ጉበት ይበላል» ብሎታል፤ ሌላው «ጡንቻ ያልማል፤ ኩንታል ማንሳት ያቅትሃል»። ይህ ከመሬት የተነሳ ወሬ ብቻ አይደለም። ስታቲን አንዳንድ ሰው ላይ የጡንቻ ሕመም ያመጣል፤ እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ ከባድ የጡንቻ ጉዳት ያስከትላል። ጠንካራ የጡንቻ ሕመም ከመጣ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ዐይን ቢጫ ከሆነ ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የስኳር በሽታ የመምጣት ዕድልንም በትንሹ ይጨምራል። ግን ይህንንም ስሙ፦ እንግሊዝ አገር በ2020 (እ.ኤ.አ.) ይፋ በሆነ ጥናት «ስታቲን አሞኝ ተውኩ» ያሉ 60 ሰዎች ሳያውቁት አንድ ወር ስታቲን፣ አንድ ወር አስመሳይ ኪኒን፣ አንድ ወር ባዶ እያፈራረቁ ዓመት ከረሙ። ስታቲን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ የሚሆነው አስመሳዩን ሲውጡም ነበረ! ሕመሙ ውሸት አልነበረም፤ አብዛኛው የመጣው ግን ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከፍርሃቱ ነው።

ይህን ሁሉ ጥናት ይዤ ሐሙሲት ሄድኩ። አባዬ በትዕግሥት ሰማኝ፤ ነጋዴ መስማት ይችላል። ሲጨርስ «አይ አንቺ ልጅ፣ ፈረንጆቹን ተያቸው። ወርዷል፣ ወርዷል ነው» አለኝ። እኔም ዝም ብዬ መጋዘኑን ሳይ ድመቷ ጆንያ ላይ ተኝታለች።

«አባዬ፣ ይቺ ድመት ምን ትሠራለች?»

«እንዴት ምን ትሠራለች? አይጥ ትጠብቃለች።»

«አይጥ አለ እንዴ?»

«የለም። እሷ ከመጣች ወዲህ አንድ አላየሁም።»

«ታዲያ አይጥ ከሌለ ለምን በነፃ ትቀልባታለህ? አታባርራትም?»

ዝም አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ። ከዚያ «እሱን ሐኪሙ እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ…» አለና ኪኒኑን እናቴ የት እንዳስቀመጠችው ጠየቀ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ያጠብባል፤ ጉበቱ ሲያጥረው በሮቹን አብዝቶ ከደም ይለቅማል። ኪኒኑ ሲቀር ጉበት በሳምንታት ውስጥ ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል። ቁጥሩ የወረደው ድመቷ ስላለች ነው።

እሱ ከተመለሰ በኋላ ሐኪሙ ያለው የቀረ ነገር ነበር፦ ልጆቹ ይመርመሩ። እኔ ሄጄ ተመረመርኩ። 192።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ቁርጥ የምበላው ከሰው ጋር ስሆን ብቻ ነው፤ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ። ወረቀቱን ይዤ ጣና ዳር ስቀመጥ ያሰብኩት አጎቴን ነበር፤ 46። ከቁጥሩ ላይ ዕድሜዬን ቀነስኩት፤ ሃያ ዓመት። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳኝ፦ በዘር የመጣ ሲሆን ስቡ የሚከማቸው ከልጅነት ጀምሮ ስለሆነ ቀድሞ መጀመር ጥቅም አለው። ኤልዲኤል በ39 ቁጥር በወረደ መጠን የልብ ድካምና የስትሮክ አደጋ በአምስት አንድ ያህል ይቀንሳል። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ ነገረኝ፦ ለአብዛኞቹ ሴቶች ስታቲን በእርግዝና ጊዜ እንዲቆም ስለሚመከር፣ ለመውለድ ሳስብ ከማርገዜ በፊት እንድነግረው። ሴት አንባቢዎቼ፣ ይህን ያልተነገራችሁ ካላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

ጀመርኩ። እናቴ ግን ከኮሌስትሮሉ ይልቅ የፈራችው ሌላ ነገር ነው። «ልጄ፣ ብልቃጡን ሰው አይይብሽ። ገና ያላገባሽ ልጅ በየቀኑ ኪኒን ስትውጥ ሰው የሚያስበው ይታወቃል።» ምን እንደሚታሰብ ታውቃላችሁ። እኔ ብልቃጡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። የጠየቀኝን ሁሉ አስረዳለሁ፤ ቢሮአችን ውስጥ ሦስት ሰው በዚሁ ሰበብ ተመርምሯል።

ማስረዳት ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ማግኘት ነው። አባዬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አለው። ይህ መድን በ2011 (እ.ኤ.አ.) በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ጎረቤታችን ፎገራ ነበር፤ እኛ አካባቢ ሰው ጥቅሙን አይቶታል። ደብተሩ ግን የሚሠራው ኪኒኑ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሲኖር ነው። አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» የተባልንባቸውን ወራት መቁጠር ትቻለሁ። ምርመራውም እንዲሁ፤ ማሽኑ ሲኖር ሪኤጀንቱ የለም። (የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰንጠረዥ ላቦራቶሪ በሌለበት በዕድሜ፣ በጾታ፣ በደም ግፊት፣ በማጨስና በክብደት አደጋውን ለመገመት ያስችላል። እንደኛ በዘር የመጣውን ግን ያለ ደም ምርመራ ማወቅ አይቻልም።) ሲምቫስታቲን በድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከገባ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ቅንጦት አይደለም ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ ያለው ግጭት ተጨመረ። ከባሕር ዳር ሐሙሲት በሰላሙ ጊዜ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። መንገድ ሲዘጋ ግን ሌላ አገር ነው። አንድ ጊዜ የአባዬ ኪኒን አልቆ ሁለት ሳምንት አለፈው። ስልክም አይሠራም ነበር። መንገዱ ሲከፈት የላክሁለት የሦስት ወር ነው፤ ሹፌሩ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር አድርጎ አደረሰው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አንድ ሕግ አለው፤ እጃችን ላይ ያለው ከሁለት ወር አይወርድም። ወላጆቻችሁ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የስብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህን ሕግ ከእኛ ውሰዱ። ሐኪማችሁን የረዘመ ማዘዣ ጠይቁ፤ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን እያያችሁ።

«ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው» የምትሉ እንዳትኖሩ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ የተገኘው ከመቶ 5 ሰው ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። በዚህ ሕዝብ ብዛት አስቡት እንግዲህ!

ስለዚህ ለበዓል ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ፣ ቡናው ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ከዘመድ በጎልማሳነቱ ድንገት የሞተ ማን ነው? በየቀኑ የሚወሰድ የታዘዘ ኪኒን ያለው ማን ነው? ኪኒኑስ የት ነው ያለው? ሦስተኛዋን በቃል መልስ አትቀበሉ፤ አሳዩኝ በሉ። አቶርቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ማታ ነው የሚሆነው። «ጾም ነው» ሰበብ እንዳይሆንባችሁ።

እኔና አባዬ ኔትወርክ ሲኖር ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንደዋወላለን። «ዋጥህ?» «ዋጥሁ። አንቺስ?» «ዋጥሁ።» የእሱ ባለፈው ጊዜ 98 ነበር፤ የእኔ 101። ታናሽ ወንድሜ ግን ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ደብረ ታቦር ይማራል፤ ኳስ ይጫወታል፤ እስካሁን አልተመረመረም።

«ምንም አያመኝም እኮ» ይላል።